ዓለምሰገድ ብርዱ እና ድንኳን ውስጥ የዘነበው ዝናብ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቬንትሌተር የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ ይሳደባል። ቀጥሎ ዓለምሰገድን ይጠራል። ዓለምሰገድ ጠግኖ ከሄደ በኋላ ደግሞ እንደገና ይሳደባል። የሰፈሩ ሥርዓት ስለሆነ ማንም ቅር አይሰኝም፤ ዓለምሰገድም ጭምር።

ቅጽል ስሙ «ብርዱ» ነው። ያወጣለት የአጥር ጎረቤቱ ዐብዱላሂ ነው፤ የአይሱዙ ሾፌር። ዓለምሰገድ የጠገነው የፀጉር ቤት ቬንትሌተር ክንፉ ተነቅሎ በርሮ መስተዋቱን ሲያደቅቅ፣ ዐብዱላሂ ፂሙን በግማሽ ተላጭቶ ከወንበር ሥር እየወጣ «አቦ! ይሄ ሰውዬ ብርድ አመጣለሁ ብሎ ነፍሳችንን ሊያበርዳት ነው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርዱ ሆኖ ቀረ።

አባቱ የባቡር ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ለገሃር ወርክሾፕ ውስጥ የጨረሱ። ለልጃቸው ሁለት ነገር አወረሱ፤ አንድ የፈረንሳይ መፍቻ፣ እና ማሽን የተባለ ሁሉ ይታዘዝልኛል የሚል እምነት። መፍቻው ዛሬም ይሠራል።

ዓለምሰገድ አንዲት ልጅ አለችው፤ ኑኃሚን። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እሱ በጠገነው ቬንትሌተር ሥር ሳትሳቀቅ የምትተኛ፣ በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት። ሚስቱ ስምረት እንኳ አልጋዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታለች።

ኑኃሚን ልታገባ ነው ሲባል ዓለምሰገድ ደስ አለው። ሙሽራው ሰይፈ ሚካኤል ይባላል፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን ቴክኒሺያን ነው። ጭምት ነው፤ አይጠጣም፤ አማቱ ስለ ሞተር ሲያወራ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። እናት አለችው።

ወይዘሮ ሰርካዲስ በመጋቢት ለትውውቅ ከደብረ ብርሃን መጡ። ሲነሡ ውርጭ ስለነበር ጋቢ ደርበው ነበር። ጋቢው አዋሽ ላይ ወለቀ። ሹራቡ ሚኤሶ ላይ ወለቀ። ድሬዳዋ ሲደርሱ ሊወልቅ የሚችል ጨዋ ነገር አልቆ ነበር። ጥቁር ጃንጥላቸውን ቤት ውስጥ እንኳ ሳያጥፉ በዓለምሰገድ ሳሎን ተቀመጡ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ማርያም አብረዋቸው መጥተዋል። ቄሱ ስለ ሙቀቱ ምንም አላሉም፤ የቀረበላቸው የጾም በያይነቱ አፋቸውን ይዞት ነበር።

«ይኼ ከተማ ነው ወይስ ምድጃ?» አሉ ወይዘሮ ሰርካዲስ።

«አንቺ! ገና መጋቢት ነው እኮ» አለ ዐብዱላሂ፣ ከበሩ አጠገብ። «ሰኔን መች አየሽና!»

የወይዘሮ ሰርካዲስ ጃንጥላ ዘመመ። ደብረ ብርሃን ውስጥ «አንቺ» ብሎ የሚጠራቸው ወንድ ባላቸው ብቻ ነበር፤ እሱም ከሞተ ቆይቷል።

«ድሬ እንዲህ ነው፣ እትዬ ሰርካዲስ» አለ ዓለምሰገድ ቶሎ ብሎ። «እዚህ ከንቲባውም አንተ ነው። ክፋት የለውም።»

«ክፋቱን ተወው። እኔ የመጣሁት ቁርጡን ልናገር ነው። ለልጄ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ተገኝቶለታል። ሠርጉን እዚህ ደግሱ፤ ከመልሱ በኋላ ግን ሁለቱንም ይዣቸው እሄዳለሁ። በዚህ ሙቀት የልጅ ልጆቼ ሲቀቀሉ ቆሜ አላይም።»

ሰይፈ ሚካኤል «እሺ እማዬ» አለ። እናቱ ፊት የሚያውቀው ዐረፍተ ነገር ይህ ብቻ ነው። ኑኃሚን አባቷን አየች። አባቷ ጣሪያውን አየ።

«ድሬ ሙቀቱ ለእንግዳ ነው» አለ ዓለምሰገድ በመጨረሻ። «ሲለምዱት ይበርዳል።»

ወይዘሮ ሰርካዲስ ሳቁ። ሳቃቸው ጃንጥላውን አንቀጠቀጠው። «እኔ ሰርካዲስ ድሬዳዋ ላይ በርዶኝ ጋቢ የለበስኩ ዕለት ልጄ እዚሁ ይቅር! ቄስ ወልደ ማርያም፣ ይመስክሩልኝ!»

ቄሱ ጎርሰው ነበርና በጭንቅላታቸው መሰከሩ።

«ወላሂ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አለ ዐብዱላሂ።

ነገሩ እንደ ቀልድ ተባለ፤ እንደ ቀልድም ታለፈ። ዓለምሰገድ ግን አላለፈውም። በነጋታው ባዶ በርሜል ይዞ ጓሮ ገባ።

ድሬ ያደገ ሰው ውኃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል። ጀሪካን በጆንያ ይጠቀለላል፤ ጆንያው ይረጥባል፤ ንፋስ ያለበት ቦታ ይንጠለጠላል። ጆንያው ላይ ያለው ውኃ ሲተን ባዶ እጁን አይሄድም፤ ከጀሪካኑ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ዐብዱላሂ እንዲህ ያለ ጀሪካን ከአይሱዙው ጎን አንጠልጥሎ ነው መልካ ጀብዱ የሚመላለሰው። ከረፋድ እስከ ቀትር አቧራ ሲጠጣ ውሎ ጀሪካኑን ሲከፍት፣ ውኃው ጥርስ ያማል።

ዓለምሰገድ ያሰበው ይህንኑ በትልቁ መሥራት ነው። በርሜሉን ጎንና ጎኑን ቀደደው። ቀዳዳው ላይ ጭድ የተጠቀጠቀበት ወንፊት ገጠመ። ከላይ ውኃ ጭዱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከኋላ ቬንትሌተር ይነፋል። ትኩሱ አየር እርጥቡን ጭድ አቋርጦ ቀዝቅዞ ይወጣል። ጓሮው ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ሞከረው። ዐብዱላሂ የጫት እስሩን ይዞ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሚስቱን ጮኾ ጠራ።

«ዛምዛም! ዋርያ፣ ጃኬቴን!»

«ሞቃዲሾ ሳለህ የገዛሃትን?» አለች ዛምዛም ከአጥሩ ማዶ። «ለአይጥ አልጋ ሆናለች።»

«አምጪያት! ብርዱ ዛሬ ስሙን አገኘ!»

ዓለምሰገድ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም። አራት በርሜል እሠራለሁ አለ። ስምረት የልብስ ማጠቢያ ውኃዋ ማለቁን እያየች «ሜዳ ላይ ነው የሠራው» አለችው። «ሦስት መቶ ሰው የታጨቀበት ድንኳን ውስጥስ?»

«ድንኳን ውስጥማ ይብሳል! ብርዱ የት ይሄዳል? ታፍኖ ይቀራል።»

ስሕተቱ ይህች ናት። ከድሬ ሰው በቀር ማንም አይሳሳታትም። ድሬ ውስጥ ቀትር ሲሆን በርና መስኮት ይዘጋል፤ መጋረጃ ይወርዳል፤ ሙቀት ደጅ ይቀራል። ሕፃን ልጅ በር ከፍቶ ከተወ «ሙቀት አስገባህ!» ተብሎ ይቆነጠጣል። ዓለምሰገድም በዚሁ ቁንጥጫ ያደገ ነው። ስለዚህ የኪራዩን ድንኳን «ወንፊት» ብሎ ናቀና የራሱን ሠራ። ግድግዳው የዐብዱላሂ አይሱዙ ሸራ ሆነ። ጣሪያው ነጭ ላስቲክ ሆነ፤ «ያምራል፣ ደግሞም ዝናብ አያስገባም» ብሎ። ሸራና ላስቲክ የሚገናኙበትን ሁሉ በሲባጎና በጆንያ መርፌ ሰፋው። የቀረው አንድ ጠባብ በር ነው፤ እሱም ላይ ብርድ ልብስ ተጋረደ።

«ሸራዬ አንድ ቀዳዳ ብታበቅል» አለ ዐብዱላሂ፣ «አንተን ሰፍቼ ነው የምደፍናት።»

ፋሲካ አለፈ፤ ሠርጉ ደረሰ። ሠርጉ በሰላም አለፈ። ዓለምሰገድ ግን ሠርጉን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ለእሱ ዋናው ቀን መልሱ ነበር፤ ሙሽሮቹ ወደ ሙሽሪት ቤት ተመልሰው የሚጋበዙበት። ካሸነፈ ልጁ ሳቢያን ትቀራለች። ካላሸነፈ በማግስቱ ሻንጣዋ አውቶቡስ ላይ ይጫናል።

እንግዶቹ ፀሐይ ከማዘንበሏ በፊት ገቡ። አራቱ በርሜሎች በአራት ማዕዘን ያጓራሉ። ድንኳኑ የረጠበ የበሬ ጋጣ ይሸታል፤ ግን ቀዝቃዛ ነው። ወይዘሮ ሰርካዲስ በብርድ ልብሱ መጋረጃ አጎንብሰው ገቡና ቆሙ። ፊታቸውን ወደ አንዱ በርሜል አዞሩ። ከዚያ በቀስታ፣ ሰው እንዳያያቸው እየተጠነቀቁ፣ ጃንጥላቸውን አጠፉ።

ዓለምሰገድ አየ። ሄዶ ስምረትን በክርኑ ጎሰማት። «አየሽ?»

«ገና ወጡ አልቀረበም» አለች።

ወጡ ቀረበ። ዶሮው በሰታቴ፣ ጥብሱ በምድጃ ገባ። ዛምዛም ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻው ያበሰለችውን ሩዝ ክዳኑን ስትከፍተው እንፋሎቱ ጣሪያ ነካ። ሦስት መቶ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ተነፈሰ፣ ጨፈረ። ሰው ደግሞ ጫማ ያደረገ ማንቆርቆሪያ ነው።

ደረቅ አየር ማለት የጠማው ሰው ነው። እርጥብ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል፤ ጆንያም ይሁን የሰው ላብ ግድ የለውም። ጓሮው ውስጥ የዓለምሰገድ በርሜል የሠራው፣ ከአጥር ማዶ እስከ ጂቡቲ ድረስ የተጠማ አየር ስለነበረ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው አየር ግን የተሰፋበት አየር ነው። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠገበ። ከዚያ በኋላ ላብ ወጣ፤ መሄጃ ግን አጣ።

መጀመሪያ የከዳው ፀጉር ነው። ጠዋት በፔስትራ የተለጠጠ የቆነጃጅት ፀጉር ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። ከዚያ ወረቀት ናፕኪኑ እንደ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ። ፎቶ አንሺው መነጽሩን ከጠረገ በኋላ ካሜራውን ጠረገ፤ ካሜራውን ከጠረገ በኋላ መነጽሩን። «ሙሽሮቹ ጠፍተውብኛል» አለ። ዐብዱላሂ ሁለት እጅ ሩዝ በልቶ ተነሣ።

«ወዴት?» አለው ዓለምሰገድ።

«ውጭ። ውስጡ ሐማም ነው። ፎጣ ሳትሰጠን ነው ያስገባኸን።»

ወይዘሮ ሰርካዲስ በጃንጥላቸው እጀታ ጠረጴዛውን መምታት ጀመሩ። የነጠላቸው ጥለት ደረታቸው ላይ ተለጥፏል። ዓለምሰገድ ሮጠ። ብልኅ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ይኖራል፤ እሱ ግን በርሜሎቹ ላይ ውኃ ጨመረ። ቬንትሌተሮቹንም እስከ መጨረሻው ከፈታቸው።

ውጭ ጀንበር ጠለቀች። በድሬ ሚያዝያ ቀኑ ያቃጥላል፤ ማታ ግን ከደንገጎ ተራራ ንፋስ ይወርዳል። ያ ንፋስ የላስቲኩን ጣሪያ ከላይ ዳሰሰው፤ ላስቲኩ ቀዘቀዘ። ከሥሩ ያለው አየር ደግሞ እስከ ጉሮሮው የጠጣ ነበር። እንዲህ ያለ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው እንደ ሠርግ ቤት ሰካራም ነው፤ የጠጣውን ይመልሳል።

ጣሪያው ነጭ ነበር፤ አሁን ያብለጨልጭ ጀመር። ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ ምክንያቱም ቄስ ወልደ ማርያም ለምክር ተነሥተዋል።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ትዳር እንደ ድንኳን ነው…»

የመጀመሪያዋ ጠብታ ጥምጥማቸው ላይ አረፈች። አልሰሙም። ሁለተኛዋ አፍንጫቸው ላይ አረፈች። ጠረጓት። «…ጠለ በረከት ይውረድላችሁ» አሉ፤ ያሰቡት ይሁን ያኔ የመጣላቸው አልታወቀም። ሦስተኛዋ ጠጃቸው ውስጥ ጠብ ስትል ብርሌውን በመዳፋቸው ከደኑና ምክሩን ማሳጠር ጀመሩ።

ያኔ አንድ የሰይፈ ሚካኤል አጎት፣ ቄሱ የጨረሱ መስሎት፣ ለጭፈራ ተነሣ። ሰውየው ከባድ ነው። ትከሻውን ሲሰብቅ ወደ ኋላ ሄደ፤ ወደ ኋላ ሲሄድ የመኻሉን ምሰሶ በጀርባው መታው። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ላስቲኩ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ፣ የዶሮው እንፋሎት፣ የሩዙ እንፋሎት፣ የስምረት የልብስ ማጠቢያ ውኃ፣ የሦስት መቶ ሰው ላብና ትንፋሽ፣ በአንድ ጊዜ ወረደ።

ዘነበ። በሙሽሮቹ ካባ ላይ ዘነበ። በድፎ ዳቦው ላይ ዘነበ። ዲጄው ሶኬቱን ነቅሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ። አንድ ሰው በብርድ ልብሱ መጋረጃ አንገቱን አውጥቶ አየና ተመለሰ። «ውጭ ኮከብ ነው!» ብሎ ጮኸ። ይህ ነገሩን አባባሰው። ዝናብ ያስደነገጠው ሰው ጥቂት ነበር፤ ከጠራ ሰማይ መዝነቡ ግን ሁሉንም አስነሣ። ሦስት መቶ ሰው ለአንድ ሰው በተሠራ በር ሊወጣ ተጋፋ።

«ዋርያ ሸራዬን! ሸራዬን አትጎትቱ!» የዐብዱላሂ ድምፅ ከውጭ ተሰማ። ቀጥሎ የቢላ ጫፍ በስፌቱ በኩል ብቅ አለ። ሲባጎውን ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ሸራውን እንዳይነካ ቋንጣ እንደሚዘለዝል ሴት ተጠንቅቆ ነበር። አንዱ ጎን ወደቀ። ዞሮ ሌላኛውንም ተረተረው።

የደንገጎ ንፋስ ገባ።

ደረቅ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ተጠምቷል። የሚጠጣውም ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በዚያች ደቂቃ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን ሆነ። አራቱ በርሜሎች ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲያጓሩ ያቃታቸውን፣ ንፋሱ ያለ ሶኬት ሠራው። መጀመሪያ «እፎይ» ተባለ። ከዚያ አንዲት ሕፃን አነጠሰች፤ ሰው ሁሉ ክንዱን አቀፈ።

ዓለምሰገድ ተረቱ እንዳለቀበት ሰው ምሰሶውን ይዞ ቆሞ ነበር። የልጁን ሻንጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሐሳቡ እያየው ነው። ኑኃሚን ካባዋን እየጨመቀች ወደ እሱ መጣች። ታቅፈኛለች ሲል በጆሮው «አባዬ፣ ሴትዮዋን እይ» አለችው።

ዞሮ አየ። ወይዘሮ ሰርካዲስ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከነጠላቸው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። ንፋሱ ፊት ለፊት ይመታቸዋል። ከንፈራቸው ገርጥቷል። ጥርሳቸው እንዳይገጭ መንጋጋቸውን በእጃቸው ደግፈዋል፤ የሚያስብ ሰው ለመምሰል።

ስምረት የባሏን ፊት አይታ ቤት ገባች። የአማቷ፣ የባቡሩ ሰው፣ ጋቢ ሣጥን ውስጥ ነበር። ለብል የተጨመረበት ካንፉር ዓይን ያስለቅሳል። አምጥታ ዓለምሰገድ ክንድ ላይ ጣለችው። «ሂድ» አለችው።

ሄደ። ፊታቸው ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያይ ጀመር። መሐላው ከመጋቢት ጀምሮ ከቤት ቤት ሲዞር ስለነበረ፣ ሳቢያን ውስጥ ያልሰማው የለም።

«እትዬ ሰርካዲስ… በረደሽ እንዴ?» ጭንቀቱ «እርስዎ»ን አስረሳው።

«ለ-ለምን ይበርደኛል?»

«አይ፣ ንፋሱ…»

«ደ-ደብረ ብርሃን ይኼ ቁርስ ነው። ሞቆኛል እንዲያውም።» ጃንጥላቸውን ከፈቱ። ንፋሱ ወዲያው ገለበጠው።

«አንቺ» አለ ዐብዱላሂ፣ ቢላውን ሽርጡ ላይ እየጠረገ፣ «ከንፈርሽ ዱቄት የበላ መስሏል።»

«ሞ-ቆ-ኛ-ል አልኩ!»

ሰይፈ ሚካኤል አፉን ከፈተ፤ ሁሉም «እሺ እማዬ»ን ጠበቀ። «እማዬ» አለ፣ «በርዶሻል።» ከ«እሺ» ሌላ ቃል ሲናገራቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወይዘሮ ሰርካዲስ ጋቢውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ እንደገና ጋቢውን አዩ። በሐቅ ለመናገር፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ይቀመጡ ነበር። ደጋ ያደገ እልህ በንፋስ አይሰበርም።

የሰበራቸው ሌላ ነው። ቄስ ወልደ ማርያም ጥምጥማቸው ርሶ፣ ጢማቸው ርሶ፣ አጠገባቸው ቆመው ሲንቀጠቀጡ ነበር። ምስክር መሆናቸውን ረሱት፤ ወይም ብርዱ አስረሳቸው። እጃቸውን ወደ ዓለምሰገድ ክንድ ዘረጉ።

«እሷ ካልፈለገችው» አሉ፣ «እኔ ልልበሰዋ፣ ልጄ።»

ጣታቸው ጋቢውን ሳይነካ ወይዘሮ ሰርካዲስ ተነሡ። ከዚያ ዕድሜና ከዚያ ውፍረት የማይጠበቅ ፍጥነት ነበር። ጋቢውን ነጥቀው፣ አራት እጥፉን እንኳ ሳይፈቱ፣ ከነካንፉሩ እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡት።

ድንኳኑ ፈነዳ። ዛምዛም እልል አለች። ዲጄው ከጠረጴዛ ሥር ወጥቶ አጨበጨበ።

«ምስክሩ!» አለ ዐብዱላሂ። «ቄሱ፣ መስክር!»

«እኔ ምስክር ሳልሆን የበረደኝ ሰው ነኝ» አሉ ቄሱ።

ከጋቢው ውስጥ ድምፅ ወጣ። «ምስክር አያሻም። ሰርካዲስ ቃሏን አትበላም። ይቅር፤ እዚሁ ይቀቀል።» ቀጥሎም፦ «አንተ ብርዱ የተባልከው! ነገ ምች ቢመታኝ ደግሞ አንተን አያድርገኝ!»

ምች አልመታቸውም። ጉንፋን ያዛቸው። ድሬዳዋ ላይ፣ በሚያዝያ፣ አልጋ ላይ ሆነው በማር ሻይ ሲታከሙ ሰነበቱ፤ መድኃኒቱን ኑኃሚን ከፋርማሲ ታመጣላቸው ነበር። ሲሄዱ ጋቢውን ይዘውት ሄዱ። አልመለሱትም።

ሙሽሮቹ ሳቢያን ውስጥ፣ ከዓለምሰገድ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ፣ ቤት ተከራዩ። መኝታ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ዓለምሰገድ የገጠመው ቬንትሌተር አለ። ሰይፈ ሚካኤል ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይተኛል። ኑኃሚን መኻል።

ከአራቱ በርሜሎች ሦስቱ የዛምዛም ዶሮዎች ቤት ሆነዋል። አራተኛው በዓለምሰገድ ጓሮ ቆሟል፤ ሜዳ ላይ፣ ንፋስ ባለበት። በሙቀት ቀን ዐብዱላሂ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይቅማል፤ ጃኬቱን ለብሶ። ዓለምሰገድ አዲስ ሰው ሲያገኝ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይነግረዋል፤ ስፌቱን፣ ላስቲኩን፣ የደንገጎን ንፋስ። ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁሉም በዕቅድ ነው የተሠራው» ይላል። «ሴትዮዋን መጀመሪያ አርጥቤ፣ ከዚያ ንፋስ ልለቅባት አስቤበት ነው።»

«አስበህበት ቢሆንማ» ትላለች ስምረት ከውስጥ፣ «አይሳካም ነበር።»